ብስክሌት መንዳት እንዴት መድኃኒት ይገዛል? ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ሎስ አንጀለስ የተነዳው የ877 ኪሎ ሜትር ጉዞ ታሪክ

አንድ ጓደኛችሁ ደውሎ «በብስክሌት 877 ኪሎ ሜትር ልነዳ ነው፣ 50 ዶላር ስጠኝ» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ብዙዎቻችን «አንተ ለምትነዳው እኔ ለምንድን ነው የምከፍለው?» ብለን እንስቅ ይሆናል።

ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ በዚህ ዓይነት ጥያቄ ብቻ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቧል። ብሩም ለኤችአይቪ ምርመራ፣ ለሕክምናና ለመከላከያ መድኃኒት ውሏል። ጉዞው ከ1994 እስከ 2025 ከቆየ በኋላ ግን አበቃ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ የምናየው ይህ ነገር እንዴት ይሠራ እንደነበር፣ ለምን እንደቆመና እኛ በየቀኑ በስልካችን የዕርዳታ ጥሪ ለምናይ ሰዎች ምን እንደሚያስተምረን ነው።

■ መነሻው ምን ነበር?

በ1994 አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 44 የሆኑ ሰዎችን በመግደል አንደኛው ኤድስ ነበር። ከመኪና አደጋም ከካንሰርም በላይ ማለት ነው። ዛሬ የምናውቀው ብዙ መድኃኒት በአንድ ላይ የሚሰጥበት ሕክምና የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1996 ነው። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ቫይረሱ ያለበት ሰው ያለው ተስፋ በጣም ትንሽ ነበር። በዚያ ላይ መገለሉ አለ። ቤተሰቡ ሳይቀር የሸሸው፣ ሥራውን ያጣ፣ የሚያስታምመው የሌለው ብዙ ነበር።

ሳን ፍራንሲስኮና ሎስ አንጀለስ ደግሞ በሽታው ክፉኛ ከመታቸው ከተሞች መካከል ናቸው። በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ የተመዘገበው ራሱ በሰኔ 1981 ሎስ አንጀለስ በነበሩ አምስት ወጣት ወንዶች ላይ ነው።

በ1994 ታዲያ ዳን ፓሎታ የሚባል ሰው ያዘጋጀው የመጀመሪያው ጉዞ ተካሄደ። ስሙ «ካሊፎርኒያ ኤድስ ራይድ» ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከሳን ፍራንሲስኮ ሎስ አንጀለስ ድረስ በብስክሌት እንሄዳለን፣ ለመሄድ የፈለገ ሁሉ አስቀድሞ ከሚያውቃቸው ሰዎች ገንዘብ ያሰባስባል። ያን ጊዜ የነዱት ሰዎች 500 እንኳን አይሞሉም። በኋላ ላይ ቁጥሩ ከ2,000 በላይ ደረሰ።

■ ሰባቱ ቀን ምን ይመስላል?

ርቀቱ 545 ማይል ነው፣ በእኛ ወደ 877 ኪሎ ሜትር። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ጎንደር ገብታችሁ፣ እሱ አልበቃ ብሏችሁ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር በላይ እንደመጨመር ቁጠሩት። ያውም በእግራችሁ እየረገጣችሁ።

መንገዱ እንደየዓመቱ ትንሽ ቢለያይም ማደሪያዎቹ ከሞላ ጎደል እነዚህ ነበሩ፦

ቀን 1፦ ከሳን ፍራንሲስኮ ጥግ ተነስቶ በባሕሩ ዳር ሳንታ ክሩዝ
ቀን 2፦ ኪንግ ሲቲ (ረጅሙ ቀን፣ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ)
ቀን 3፦ ፓሶ ሮብልስ
ቀን 4፦ ሳንታ ማሪያ
ቀን 5፦ ሎምፖክ
ቀን 6፦ ቬንቹራ
ቀን 7፦ ሎስ አንጀለስ

ልብ በሉ፣ «የባሕር ዳር ጉዞ» ቢባልም መንገዱ ሁሉ ባሕር ዳር አይደለም። ከሳንታ ክሩዝ በኋላ ወደ ውስጥ ይታጠፍና የሳሊናስ ሸለቆን ይዞ ይሄዳል። እዚያ ሰላጣና አትክልት የሚመረትበት ሰፊ እርሻ ነው፤ ጠዋት ላይ ቀዝቃዛ የነበረው አየር ከሰዓት በኋላ ሙቀት ይሆናል። ሦስተኛው ቀን ላይ ደግሞ ነጂዎቹ «ኳድባስተር» ብለው ስም ያወጡለት ዳገት አለ። ኳድ ማለት የፊት የጭን ጡንቻ ነው፤ ስሙ «ጭን ሰባሪ» እንደማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው እንደገና ወደ ባሕሩ የሚወጣው።

ለምን ከሰሜን ወደ ደቡብ? ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ በዚያ የባሕር ዳርቻ ነፋሱ በብዛት ከሰሜን ምዕራብ ነው የሚነፍሰው። ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ከኋላ ይገፋዋል፣ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ግን ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል። ብስክሌት የነዳ ሰው ይሄ ምን ያህል ልዩነት እንዳለው ያውቃል። ሁለተኛ፣ አሜሪካ ውስጥ የሚነዳው በቀኝ ነው፤ ወደ ደቡብ ስትሄዱ ባሕሩ በቀኛችሁ ስለሚሆን መካከል ላይ ተቃራኒ መስመር የለም። ውቅያኖሱ እዚያው አጠገባችሁ ነው።

ደግሞ ይሄ ውድድር አይደለም። አንደኛ የወጣ አይሸለምም። ሄልሜት ግዴታ ነው፣ ቀይ መብራት ላይ መቆም ግዴታ ነው፣ ጆሮ ላይ ማዳመጫ ማድረግ ክልክል ነው። በየተወሰነ ኪሎ ሜትሩ ውኃ፣ ምግብና ሕክምና ያለበት ማረፊያ ይጠብቃቸዋል። የደከመው ወይም ብስክሌቱ የተበላሸበት ሰው ደግሞ ከኋላ እየተከተለች በምታነሳው መኪና ይሳፈራል፤ እንዲህ አድርጎ የተሳፈረን ሰው ማንም አይንቀውም።

■ ጉዞውን የሚሸከሙት እነማን ናቸው?

ፎቶው ላይ የምናየው ነጂዎቹን ነው። ግን 2,000 ሰው በየቀኑ ከተማ እየቀየረ ሲያድር አስቡት። ድንኳን አለ፣ ሻንጣ አለ፣ የገላ መታጠቢያ መኪና አለ፣ ሽንት ቤት አለ፣ ቁርስና እራት አለ፣ የብስክሌት ሜካኒክ አለ፣ ነርስ አለ። ጠዋት የነበረው የድንኳን ከተማ ተነቅሎ ማታ ሌላ ቦታ ይተከላል። ሰባት ቀን ሙሉ።

ይህን የሚሠሩት በመቶዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ «ሮዲ» ይባላሉ። ደሞዝ የላቸውም። ብዙዎቹ የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው ነው ሻንጣ ሲያወርዱና ሲጭኑ የሚሰነብቱት። እኛ ሰፈር ለቅሶ ሲኖር ድንኳን የሚተክሉትንና ወንበር የሚደረድሩትን የእድር ሰዎች አስታውሱ። ሥራው ያ ነው፤ ልዩነቱ ድንኳኑ በየቀኑ ከተማ መቀየሩ ነው።

ከነጂዎቹ መካከል ደግሞ «ፖዘቲቭ ፔዳለርስ» የሚባል ቡድን አለ። ቫይረሱ በደማቸው ያለ፣ ይህንንም ሳይደብቁ በአደባባይ የሚነዱ ሰዎች ናቸው። የሚሰጡት መልእክት ግልጽ ነው፦ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ሰባት ቀን ሙሉ ዳገት ይወጣል። መገለልን በንግግር ከማስረዳት በላይ ይሄ ሳይሠራ አይቀርም።

አምስተኛው ቀን ላይ ነጂዎቹ ቀይ ይለብሳሉ። በጠመዝማዛው መንገድ ላይ ተከታትለው ሲሄዱ ከሩቅ ሲታዩ ኤድስን ለማስታወስ የሚደረገውን ቀይ ሪባን እንዲመስሉ ነው። ስድስተኛው ቀን ማታ ቬንቹራ ባሕር ዳር ላይ ሻማ አብርተው ዝም ብለው ይቆማሉ። በኤድስ የሞተባቸውን ሰው የሚያስታውሱበት ሰዓት ነው።

■ እሺ፣ ብሩ ከየት ነው የሚመጣው?

እዚህ ጋ ነው ዋናው ነገር። ብስክሌቱ ራሱ አንድ ሳንቲም አያመጣም። እንዲያውም ወጪ ነው። ብሩ የሚመጣው ከጉዞው በፊት ባሉት ወራት፣ በስልክና በኢሜይል ነው።

ደንቡ እንዲህ ነበር፦ እያንዳንዱ ነጂ ቢያንስ 3,000 ዶላር ማሰባሰብ አለበት (በኋላ ዓመታት ከዚያም ከፍ ብሏል)። ካልሞላ አይነዳም። በቃ። 3,000 ዶላር ማለት 60 ሰው እያንዳንዱ 50 ዶላር ቢሰጥ ነው። 2,000 ነጂ በዝቅተኛው ልክ ብቻ ቢያሰባስብ 6 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ብዙዎቹ ግን ከዝቅተኛው በላይ ያመጡ ነበር፤ ለዚህ ነው በአንዳንድ ዓመታት ድምሩ ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ሰው ለምን ይሰጣል? «ለኤችአይቪ ሕክምና 50 ዶላር ስጠኝ» ማለት ይቻል አልነበረም?

ይቻላል። ግን ሦስት ነገር ይጎድለዋል።

አንደኛ፣ ጠያቂው ራሱ ዋጋ እየከፈለ ነው። የስእለትን ነገር አስቡ። ግሸን ማርያም ወይም ቁልቢ ገብርኤል በእግሩ የሚሄድ ሰው መኪና አጥቶ ላይሆን ይችላል። ድካሙ ራሱ «ይሄ ጉዳይ ለእኔ ቁም ነገር ነው» የሚል ምስክር ነው። ወራት ሙሉ ለልምምድ ጠዋት እየተነሳ የሚነዳ ጓደኛ ሲጠይቃችሁ፣ ዝም ብሎ ሊንክ ከላከላችሁ ሰው ይለያል።

ሁለተኛ፣ ጠያቂውን ታውቁታላችሁ። ድርጅቱን ላታውቁት ትችላላችሁ፤ አብራችሁ የምትሠሩትን ልጅ ግን ታውቁታላችሁ። ድርጅቱ የማያገኘውን 60 ሰው እሱ ያገኘዋል። 2,000 ነጂ ሲሆን ደግሞ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ጋ ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ ቀን አለው። ጉዞው በሰኔ መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ በፊት ካልሞላ ጓደኛችሁ ይቀራል። «በኋላ እሰጣለሁ» የሚለውን ሰበብ ይቆርጠዋል።

የተሰበሰበው ገንዘብ የሚሄደው ለሁለት ተቋማት ነበር፦ በ1982 ለተመሠረተው የሳን ፍራንሲስኮ ኤድስ ፋውንዴሽን እና በ1969 ለተመሠረተው የሎስ አንጀለስ ኤልጂቢቲ ሴንተር። ሁለቱም የኤችአይቪ ምርመራ፣ ምክርና ሕክምና በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ይሰጣሉ። ከ2012 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደውን ቫይረሱ የሌለበት ሰው አስቀድሞ የሚወስደውን መከላከያ መድኃኒት (ፕሬፕ) ለሰዎች በማድረስም ይታወቃሉ።

■ ጸቡ፦ ስንቱ ለሕመምተኛው ደረሰ?

ታሪኩ ግን ሁሉም ነገር የተዋጣለት አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች ያዘጋጅ የነበረው የፓሎታ ኩባንያ ለትርፍ የተቋቋመ ድርጅት ነበር። ጉዞውን ወደ ሌሎች የአሜሪካ ግዛቶች አስፋፋ፣ ለጡት ካንሰርም የሦስት ቀን የእግር ጉዞ ጀመረ። ብዙ ገንዘብ ሰበሰበ። ወጪውም ብዙ ነበር፦ ማስታወቂያ፣ ሠራተኛ፣ ድንኳን፣ መኪና።

ሰው መጠየቅ ጀመረ። «እኔ ከሰጠሁት 50 ዶላር ስንቱ ነው ክሊኒኩ የደረሰው?» ፓሎታ ራሱ በ2013 በቴድ መድረክ ላይ ባደረገው ንግግር፣ ከተሰበሰበው ገንዘብ ውስጥ 40 በመቶው ሰው ለመመልመልና ለዝግጅቱ ይውል እንደነበር ተናግሯል። ለዚህም ነው የሚዲያ ወቀሳ የወረደባቸው።

ሁለቱ የካሊፎርኒያ ተቋማት ከኩባንያው ተለይተው በ2002 የራሳቸውን ጉዞ ጀመሩ። እሱ ነው እስከ መጨረሻው «ኤድስ ላይፍሳይክል» ተብሎ የተጠራው። በዚያው ዓመት የፓሎታ ኩባንያ ተዘጋ።

ማን ነበር ልክ? ሁለቱም ወገን ክርክር አለው። ፓሎታ የሚለው እንዲህ ነው፦ «ወጪ ካላወጣህ ብዙ ሰው አታመጣም፤ ከ100 ብር ላይ 95 ከሚያደርስና ከ10 ሚሊዮን ላይ 6 ሚሊዮን ከሚያደርስ የትኛው ይሻላል?» በሚል መንፈስ ነው የሚከራከረው። ወቀሳ ያቀረቡት ደግሞ ሰው ብሩን የሰጠው ለታመመ ሰው ብሎ እንጂ ለማስታወቂያ እንዳልሆነ ይናገራሉ። ሰጪው አስቀድሞ ካልተነገረው ደግሞ በኋላ ሲሰማ ይቀየማል። የተቀየመ ሰው ለቀጣዩ ሰውም አይሰጥም።

የእኛ አስተያየት፦ ወጪ መኖሩ ብቻውን ሌብነት አይደለም። ሁለት ሺህ ሰው ሰባት ቀን በነፃ አይበላም። ችግሩ ወጪው ሲደበቅ ነው።

■ ታዲያ ለምን ቆመ?

በ2020 እና በ2021 በኮቪድ ምክንያት ጉዞው በመንገድ ላይ አልተካሄደም። በ2022 ሲመለስ ብዙ ገንዘብ ሰበሰበ። ከዚያ በኋላ ግን የነጂው ቁጥር እየቀነሰ፣ ወጪው ደግሞ እየጨመረ ሄደ። በ2024 አዘጋጆቹ የ2025ቱ ጉዞ የመጨረሻው እንደሚሆን አስታወቁ። ከሰኔ 1 እስከ 7 ቀን 2025 (በእኛ ግንቦት 24 እስከ 30፣ 2017 ዓ.ም) ለመጨረሻ ጊዜ ተነዳ።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። (ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ ያወጣናቸው ናቸው።) የድንኳን፣ የመኪና፣ የመንገድ ፈቃድና የሕክምና ወጪው 5 ሚሊዮን ዶላር ነው እንበል። 2,000 ሰው እያንዳንዱ 5,000 ቢያመጣ 10 ሚሊዮን ይገባል፤ ግማሹ ለክሊኒኩ ይተርፋል። የነጂው ቁጥር ወደ 1,200 ቢወርድ የሚገባው 6 ሚሊዮን ነው። ወጪው ግን ያንን ያህል አይቀንስም፤ የድንኳን መኪናው ለ1,200 ሰውም መሄዱ አይቀርም። ወደ 4.5 ሚሊዮን ብቻ ቢወርድ ለክሊኒኩ የሚተርፈው 1.5 ሚሊዮን ይሆናል። ነጂው የቀነሰው በ40 በመቶ ነው፣ ለታማሚው የሚደርሰው የቀነሰው ግን በ70 በመቶ።

ስለዚህ ማቆሙ ሽንፈት ብቻ አይደለም። ለነጂው ደስ ስለሚል ብቻ፣ ለታማሚው የሚደርሰው እየሳሳ ጉዞውን መቀጠል ይቻል ነበር። አዘጋጆቹ ያንን አልመረጡም። ለ30 ዓመት በየሰኔው አብረው ድንኳን ለተከሉ ሰዎች ግን ከባድ ነበር። አንዳንዶቹ የሞተባቸውን ወዳጅ የሚያስታውሱት እዚያ ባሕር ዳር ላይ፣ ሻማ ይዘው ነበርና።

■ ለእኛስ?

እኛም አገር የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ በስፋት መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። ይህ የሆነው በአብዛኛው በውጭ ዕርዳታ ነው። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታን ሲያግድ ደግሞ በአንድ ምንጭ ላይ ብቻ መንጠልጠል ምን ማለት እንደሆነ ብዙ አገር አይቷል። ከትንንሽ ኪሶች የሚሰበሰብ ገንዘብ መንግሥት የሚሰጠውን አይተካም፤ ግን ትልቁ ምንጭ ሲደርቅ ጊዜ ይገዛል።

እኛም መሰብሰብ እናውቅበታለን። ታላቁ ሩጫ አለ፣ እድር አለ፣ አሁን ደግሞ በየቀኑ በቲክቶክ ላይቭና በቴሌግራም ለሕክምና የሚጠየቅ ገንዘብ አለ። ደግ ልብ አልጠፋም። የጠፋው፣ ካለቀ በኋላ «ይሄን ያህል ገባ፣ ይሄን ያህል ወጣ» የሚል ሰው ነው። ስለዚህ ቀጣዩን ጥሪ ስታዩ ከመላካችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. ጠያቂውን የሚያውቀው ማነው? ገንዘቡ የሚገባው በማን ስም በተከፈተ ሒሳብ ነው?
2. ከተሰበሰበው ላይ ለዝግጅትና ለሌላ ወጪ የሚወጣ አለ? ስንት?
3. ሪፖርቱ መቼና የት ይወጣል?
4. ከሚፈለገው በላይ ቢሰበሰብ ትርፉ ወዴት ይሄዳል?

አሰባሳቢ ከሆናችሁም እነዚህን ሳትጠየቁ መልሱ። በአሜሪካው ጉዞ ሰው 50 ዶላሩን ያወጣው ብስክሌት ስለሚወድ አልነበረም፤ የሚያውቀው ሰው ስለጠየቀውና ስላመነው ነው። ያ እምነት በ2002 ሲነካ ትልቅ ኩባንያ ተዘግቷል። በቅን ልብ የሚሰጥ ሰው አንዴ ከተታለለ ለሚቀጥለው እውነተኛ ታማሚ እጁን ይሰበስባል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ያ ታማሚ ነው።

እናንተስ ገንዘብ ሰጥታችሁ ሪፖርቱን ያያችሁበት ጊዜ አለ? በደንብ የሠሩትን ኮመንት ላይ ንገሩን፤ መመስገን ያለበት ይመስገን። ለዕርዳታ ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚያስብ ጓደኛ ካላችሁም ሼር አድርጉለት።